የመረጃ ጥያቄ አገልግሎት በሐዋሳ፦ የተመራጭን የሥራ መዝገብ ለሚፈልግ ነዋሪ የቀረበ ግምገማ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ተመራጭ በምክር ቤት ወንበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደሠራ፣ የትኛውን ስብሰባ እንደተካፈለ፣ አባል የሆነበት ቋሚ ኮሚቴ ያቀረበው ሪፖርት ምን እንደሚልና ለሰፈሩ የተያዘው በጀት የት እንደደረሰ በሰነድ ማወቅ የሚፈልግ ነዋሪ፣ ከቡና ላይ ወሬና ከፌስቡክ ክርክር ሌላ የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ አለው። ይህም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሕዝብ ግንኙነት ወይም በኮሙኒኬሽን ክፍላቸው በኩል ሊሰጡት የሚገባው የመረጃ ጥያቄ አገልግሎት ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጉዳይ ያሰባሰበን የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ይህን አገልግሎት ደጋግመን ተጠቅመንበታል። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ዓሣ ቤቱና ስለ ስልኩ የሚጽፍ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ነዋሪው በግብሩ ስለሚከፍልበት ስለዚህ አገልግሎት የተጻፈ ነገር ባለማግኘቴ ልጽፍ ተነሣሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ አገልግሎቱ ሰነድን ለይቶ ለሚጠይቅ ሰው ይሠራል፤ ስለ ሰውየው ለሚጠይቅ ግን አይሠራም።

የአገልግሎቱ መሠረት ጠንካራ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሕዝቡ እምነት ባጣበት ጊዜ ተመራጩን ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ዝርዝሩን ያወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የፕሬሱን ክፍል ቢተካውም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል እንደጸና ነው። በዚህ ክፍል መሠረት ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት፤ የሚከለክል ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። ያልረካ ጠያቂ ቅሬታውን መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። እንባ ጠባቂ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አያስፈልግም።

ሕጉ በቃልም መጠየቅ ይቻላል ቢልም በቃል መጠየቅን አልመክርም። በቃል የተጠየቀ ነገር የሚቆየው የተጠየቀው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ እሱ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ጥያቄውም አብሮት ይሄዳል። በጽሑፍ የገባው ግን መዝገብ ቤት ውስጥ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ የ30 ቀኑ ቆጠራም በተግባር የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይዞ መሄድና በሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመሥሪያ ቤቱን ክብ ማኅተም ማስመታት ተገቢ ነው። አንዳንድ መዝገብ ቤቶች ለዚህ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እኛን ያስተናገደችን ሠራተኛ ግን ሳንጠይቃት ቅጂያችን ላይ ቁጥሩን ጻፈችልን፣ ማኅተሙንም ራሷ አስመትታ አመጣችልን። የገቢ ደብዳቤ መዝገቧ ወፍራም፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፤ ከጎኗ ያለው ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ዋናው መዝገብ አሁንም ደብተሩ ነው። ጥያቄያችን ወደ የትኛው ክፍል እንደተመራና ማን ፈርሞ እንደወሰደው በአንድ እይታ የነገረችን ከዚያው ደብተር ላይ ነበር። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለመዝገብ ቤት ነው።

የማመልከቻው አጻጻፍ ግን ውጤቱን ይወስናል። ከእኛ በፊት ሌሎች ነዋሪዎች ያስገቡትን አንድ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ «የአቶ እከሌ የሥራ አፈጻጸምና ያደረሱት በደል ተጣርቶ በጽሑፍ ይሰጠን» ይላል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የትኛውም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም፤ «አፈጻጸም» የሚባል ፋይል በመደርደሪያው ላይ የለም፣ «በደል» ደግሞ ክስ እንጂ የመረጃ ጥያቄ አይደለም። ባለሙያው ደብዳቤውን ለኃላፊው ይመራል፣ ኃላፊው «ይነጋገሩበት» ብሎ ይመልሰዋል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። የእኛ ደብዳቤ የጠየቀው የአንድ በጀት ዓመት የምክር ቤት መደበኛ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ፣ የተሳታፊዎች የፊርማ ዝርዝር፣ የአንድ ቋሚ ኮሚቴ የሩብ ዓመት ሪፖርቶችና ሰፈራችንን የሚመለከት የበጀት ዝውውር ውሳኔ ቅጂ ነው። የተመራጩ ስም በደብዳቤው ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም፤ መጠቀስም አያስፈልገውም ነበር፤ የምንፈልገው ሰው በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ራሱ ነበርና። ያም ሆኖ ባለሙያው ደብዳቤውን አንብቦ ሲያበቃ ቀና ብሎ «እህቴ፣ የምትፈልጉት ማንን ነው?» ማለቱ አልቀረም። ጥያቄውን በክፋት አላየሁትም፤ እዚህ አገር ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ጠብ እንጂ ሌላ ዓላማ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የቦዩን ጉዳይ ስነግረው፣ ቤቱ በክረምት ጎርፍ የሚገባበት ዘመድ እንዳለው ነግሮኝ ደብዳቤውን በዕለቱ መራልን።

የተሰጡንን ሰነዶች ከየትኛው ምክር ቤት እንዳገኘናቸው፣ የከተማው ይሁን የክፍለ ከተማው፣ ሆን ብዬ አልጽፍም፤ የረዱን ሠራተኞች ላይ ጣት እንዲጠቆም አልፈልግም። የሰነዶቹን ይዘት ግን በዝርዝር ላንሣ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሁሉ የሚጠብቀውና የሚያገኘው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የተመራጭን የድምፅ አሰጣጥ ታሪክ አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ባየኋቸው ቃለ ጉባኤዎች የሚጻፈው ቁጥሩ ነው እንጂ የማን እጅ እንደወጣ አይደለም፤ አብዛኞቹ ውሳኔዎች ደግሞ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ። በውይይቱ ክፍልም «አንድ የምክር ቤት አባል ባነሡት ጥያቄ» ተብሎ ይታለፋል፤ ስም የሚጠራው የአፈ ጉባኤውና ምላሽ የሚሰጡት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ስለ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው።

ይበልጥ የሚናገረው ከቃለ ጉባኤው ጀርባ በስቴፕል የተያያዘው የፊርማ ዝርዝር ነው። በእጅ የተሞላ ሠንጠረዥ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የመጡበት ቀበሌ፣ ፊርማ፣ ምርመራ። «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ውስጥ «በፈቃድ»፣ «ታመው»፣ «ሥልጠና» የሚሉ ቃላት በተለያየ እጅ ጽሑፍ ተጽፈዋል። የእኛ ተመራጭ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በተገናኙ ቁጥር የቦዩ በጀት ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ተቃውሜያለሁ ይሉን ነበር። ዝውውሩ የጸደቀበትን ጉባኤ ዝርዝር ስንመለከት ፊርማቸው አለ፤ ውሳኔው ደግሞ በሙሉ ድምፅ መጽደቁ ተጽፏል። ጥያቄውን በሰፈሩ የሕዝብ መድረክ ላይ ወረቀቱን ይዘን ስናቀርብላቸው፣ በሻይ ዕረፍት ላይ ተቃውሟቸውን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ተናግረው እንደነበር፣ በአዳራሹ ግን ብዙኃኑ ዝውውሩን ስለደገፈ እጃቸውን እንዳወጡ መለሱ። ይህን መልስ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ለማለት ሰነዱ አያስችለንም፤ ሰነዱ የሚያረጋግጠው በስብሰባው መገኘታቸውንና የተመዘገበ ተቃውሞ አለመኖሩን ብቻ ነው። ከመካከላችን «ዋሹ» ብለን እንለጥፍ ያሉ ነበሩ፤ እኔ በዚህ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። በመድረኩ ላይ የተገኙት ነዋሪዎች ፊርማውንም መልሱንም ጎን ለጎን ስለሰሙ የራሳቸውን ግምት መውሰድ ይችላሉ።

ስለ ሐዋሳ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ከባድ ችግር የመዝገቡ መበታተን ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 98.51 በመቶ የሚሆነው ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን መረጠ፤ ርክክቡም በሰኔ 2012 ተፈጸመ። የቀድሞው ክልል መሥሪያ ቤቶች ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት እዚሁ ሐዋሳ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ በ2015 መጨረሻ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተባሉት ክልሎች ሲመሠረቱ ወደ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተከፋፈሉ። ለተራ ባለጉዳይ ይህ የቢሮ መዛወር ነው፤ የአንድን ተመራጭ የቀድሞ ሥራ ለሚከታተል ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሰውየው ዛሬ የከተማ ተመራጭ ቢሆንም በ2008 ወይም በ2010 በቀድሞው ክልል ቢሮ ውስጥ የሥራ ሂደት መሪ ሆኖ ከነበረ፣ በእሱ ፊርማ የወጡ ደብዳቤዎችና በዚያ ቢሮ ላይ የቀረቡ የኦዲት ግኝቶች የት እንዳሉ ለማወቅ መጀመሪያ የቢሮውን ዕጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከምንም በፊት «ይህ ቢሮ ሲከፈል ፋይሉን የተረከበው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ቢቻልም የርክክብ ሰነዱን ራሱን መጠየቅ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። የቀድሞው ክልል ሕጎች ይታተሙበት የነበረው የደቡብ ነጋሪት ጋዜጣ የድሮ ዕትሞች በሕግ ባለሙያዎች እጅና በቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ፣ ሹመቱ የተመሠረተበትን አዋጅ ለማየት ያን ያህል አያስቸግርም።

ከዚህ ጋር የቋንቋው ጉዳይ ይያያዛል። የቀድሞው ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ በሲዳማ ክልል ግን ሲዳምኛ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ አዳዲሶቹ ሰነዶች በብዛት በዚሁ ቋንቋ ይወጣሉ። አማርኛ ብቻ የምናነብ ሰዎች በስብስባችን ውስጥ ሲዳምኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው ባይኖረን ኖሮ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ያለውን ግማሹን መዝገብ ማየት አንችልም ነበር። ይህን የአገልግሎቱ ጉድለት አድርጌ አልቆጥረውም፤ የክልሉ ሕዝብ በቋንቋው መሥራቱ መብቱ ነው። ማመልከቻን ግን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅቶ ማስገባት ምላሹን እንደሚያፋጥን ታዝቤያለሁ።

በጥያቄ የማይገኘውን ለመሙላት የሚያገለግሉ ክፍት ምንጮችም አሉ። የመንግሥት ጨረታዎች በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ስለሚወጡ፣ አንድ መንገድ ወይም ቦይ መቼ ለጨረታ እንደቀረበ ከጋዜጣው የጨረታ ገጾች ላይ ማግኘት ይቻላል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ሀብትን በተመለከተ የፌዴራሉ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የተመዘገበውን መረጃ ማንኛውም ሰው በጽሑፍ ጠይቆ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ክልሎች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው ለአካባቢ ተመራጭ የሚጠየቀው የክልሉ አካል ነው። የምርጫ ታሪክን የሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፦ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ሲሆን በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። ስለዚህ በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ለክልል ምክር ቤት የተመረጠን ሰውና ለአካባቢ ምክር ቤት የተቀመጠን ሰው ማምታታት የለበትም፤ የወንበሩ ዓይነት የመዝገቡን ቦታ ይወስናል።

ስለ ክፍያ ብዙ የምለው የለም። የፎቶ ኮፒ ወጪ መክፈል ተገቢ ነው፤ የተጠየቅነውም ውጪ ካለው ዋጋ ብዙ አልበለጠም። ማመልከቻውን ያስተየብንበት ኮምፒውተር ቤትም ሥራው ፈጣን ነው፤ ሆኖም የደንበኛውን ፋይል ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ስለሚተው፣ ሲጨርሱ ከኮምፒውተሩም ከቴሌግራሙም እንዲጠፋ አጠገቡ ቆመው ቢያስጠፉ ይሻላል። የሰፈር ጉዳይ ቢሆንም ገና ያልገባ ማመልከቻ ሌላ ሰው እጅ መግባት የለበትም።

ቅሬታዬ አንድ መሥሪያ ቤት ላይ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ማመልከቻችንን ተቀብሎ የገቢ ቁጥር ከሰጠ በኋላ፣ ቀኑ ሲሞላ «ከበላይ አካል የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» አለን። እንዲህ ያለ ግዴታ በአዋጁ ውስጥ የለም። ክልከላውን በጽሑፍ ስጡን ስንል ደግሞ «እኛ እኮ አልከለከልንም» የሚል መልስ ተሰጠን፤ አልከለከሉም፣ አልሰጡምም። ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ «ሰኞ ብቅ በሉ» የሚለው ሰኞ ደግሞ አያልቅም። ነገሩ የተንቀሳቀሰው ለኃላፊው የቅሬታ ደብዳቤ ጽፈን፣ ከታች በኩል «ግልባጭ፦ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሐዋሳ ቅርንጫፍ» የሚል መስመር ካከልን በኋላ ነው። ግልባጩ ገና ከእጃችን ሳይወጣ ሰነዱ ተዘጋጅቶ ተጠራን። አገልግሎቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ነቀፌታም ይኸው ነው፤ ሕጉን ያነበበ ሰው የሚያገኘውን ሕጉን ያላነበበች ጎረቤቴ አታገኝም።

ይህን አገልግሎት ለሙግት የሚጠቀሙ ሰዎች ሊጠብቁት የሚገባ ድንበር አለ። አዋጁ ራሱ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃን፣ የካቢኔ ሰነዶችንና በምርመራ ላይ ያሉ ጉዳዮችን ከሚሰጡ መረጃዎች ያወጣል፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚያሠራጭ ላይ ግዴታ ጥሏል። የተመራጩ የስብሰባ ፊርማ የሕዝብ ጉዳይ ነው፤ የባለቤቱ ሥራ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የሚኖርበት ቤት አይደለም። በስብስባችን አንድ ወጣት የተመራጩን ቤት ፎቶ አንሥቶ ሲያመጣ እንዲያጠፋው አድርገናል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ስላለ፣ ከሰነዱ ያለፈ ቃል የሚጽፍ ሰው ራሱን ለክስ፣ ጉዳዩን ለመክሸፍ ይዳርጋል። በግምታችን ላይ የተመሠረተ አንድ ጽሑፍ ቢወጣ ተመራጩ ስለ ቦዩ መመለሱን ትቶ ስለ ስሙ ይከራከር ነበር፤ ይህም የሚጠቅመው እሱን ነው።

በጠቅላላው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ መዝገብ ቤቱ ብቻውን አምስት ይገባው ነበር። አገልግሎቱ ትዕግሥት ላላቸው፣ የሚፈልጉትን ወረቀት በስሙና በበጀት ዓመቱ መጥራት ለሚችሉና ቢያንስ ሁለት ሆነው ለሚሄዱ ነዋሪዎች ይጠቅማል። በነገው ዕለት ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ነገር ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። መታወቂያ፣ የማመልከቻው ሁለት ቅጂና ባዶ ፍላሽ ይያዙ፤ አንዳንድ ሪፖርቶች በሶፍት ኮፒ ስለሚሰጡ የኮፒ ወጪ ይቀንሳል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይሂዱ። በሰኔም ባይሄዱ ይመረጣል፤ በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የፋይናንስና የዕቅድ ሠራተኞች ቀና ብለው የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን ያለፈው ዓመት ሪፖርት ተጠናቆ፣ ገና ወደ ሣጥን ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።